ዘጠኝ ጥርስ

ከአንገረብ በላይ፣ ጉብታው ላይ ያለው ታንከር
ከግርጌው ፓምፕ ቤት ጋር በሽቦ ሲመክር
ሃያ ሦስት ዓመት ኖረ፦
«ጎደልኩ»፣ «ሞላሁ»፣ «በቃኝ» እያለ፤
ሐሜት የለ፣ ሰላምታ የለ።
ባለፈው ሰኔ ግን መንገድ ሊያሰፋ የመጣው
ባለ ቢጫ ክንዱ ማሽን በጥርሱ ጎልጉሎ አወጣው፤
ሽቦው እንደ ጅማት ተወጥሮ፣ ተወጥሮ፣
በጠስ አለ፤ ቀረ አንደበቱ ታስሮ።

ከዚያ ወዲህ አያ አዛናው፣
የሌሊቱ ዘብ፣ የፓምፑ ጌታ፣
ካፖርቱን ደርቦ በጭቃው በማታ
ዳገቱን ይወጣል፤ ባትሪውን አብርቶ
ታንከሩ ጎን ላይ የተጻፈውን ሜትር አይቶ፣
በእርሳስ ደብተሩ ላይ ቁጥሯን አስፍሮ
ይወርዳል፣ ፓምፑን ሊያስነሣ ተንደርድሮ።
ማራኪ ጀሪካኑን አሰልፎ ይጠብቃል፤
የአዛናው ጉልበት ሲደክም የሰፈሩ ጉሮሮ ይደርቃል።

ቢሮው አዲስ መሣሪያ ሊገዛ ዋጋ ጠየቀ፤
ዋጋው በደብዳቤ ሲመጣ ሁሉም ተሳቀቀ።
«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። መበየጃዬን ይዤ ወጣሁ።
ታንከሩ ሥር ያለውን ግራጫ ሳጥን ስከፍት ምን አገኘሁ?
የሸረሪት ድር፣ አንዲት የደረቀች ንብ፣
ከጎኑ ደግሞ አፍ፦ ዘጠኝ ጥርስ ያለው፣
ከተተከለ ጀምሮ ማንም ያላናገረው።

የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፤ መመሪያው የአይጥ ራት ሆኗል።
በመልቲሜትር ጥርስ በጥርስ ዳበስኩት።
ሦስቱ ብቻ ሕያው ናቸው፦
አንዱ ይናገራል፣
አንዱ ይሰማል፣
ሦስተኛው መሬት ነው፤ ምንም አይልም፤
ግን ያለሱ ማን ከማን ይግባባል?

አዲሷ ሬዲዮ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤
ከአራዳ፣ ከስልክ ጠጋኙ ከበሪሁን ሱቅ ነው የመጣች።
ሦስት ቮልት ለሷ ጩኸት ነው፤
ሽማግሌው ሳጥን ግን በአሥራ ሁለት ነው የሚያወራው፤
ደግሞ «አዎ» ሲል ወደ ታች፣ «አይ» ሲል ወደ ላይ፤
ፊት ለፊት ባገናኛቸው አመድ ትሆን የለም ወይ?
አሥራ ስድስት እግር ያላት አማላጅ መሃል አስቀመጥኩ፤
ቁጣውን ዝቅ፣ ሹክሹክታዋን ከፍ እንድታደርግ ለመንኩ።

መጀመሪያ የወጣው የቃዠ ሰው ቋንቋ ነበር፦
ጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት።
አያ አዛናው በትከሻዬ ላይ አጮልቆ፣
«አንቺ፣ ይኸ ክታብ ነው?» አለ ሣቁን ደብቆ።
ችኮላዬ ነበር።
አሮጌ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር።
ቀነስኩ። ደግሜ ቀነስኩ።
በሰኮንድ ሁለት ሺህ አራት መቶ ላይ ስደርስ
ጥርት ያለ ቁጥር፦ ሦስት ነጥብ አርባ ሁለት።

ደብተሩን ገለጠ። «ሦስት ከአርባ ነው የጻፍኩት።
ሁለት ሴንቲ ዋሽቷል።»
ማን እንደዋሸ ዛሬም አልታወቀም።

የብረት ሳጥን ድምፅ አያሳልፍም፤ ጎኑን በሳሁት።
ቀዳዳውን እሱ በጧፍ ሰም ደፈነልኝ፣ ዝናብ እንዳይገባ፤
አንቴናዋን ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ሰቀልናት፤
ከግርጌ፣ ፓምፕ ቤት፣ መንትያዋን አስቀምጠን
ሁለቱ እስኪተዋወቁ ብርድ እየበላን ጠበቅን።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ባለ ቁልፍ ስልኩ
ነዘረች፦ «ጎደልኩ»።
አያ አዛናው ተነሣ። ካፖርቱን ፈለገ።
«ወዴት ነው? ነግሮህ የለ? ፓምፑም ራሱ ይነሣል!»
«ነገረኝ» አለ። «ግን ሽቦው እያለ
የነገሩን ሌላ ጫፍ አውቀው ነበር።
ይኸ አየር ነው።
አየር ደግሞ ስንቱ ነው የሚነካው?»

በሩ ላይ ቆሜ ባትሪው ሲወጣ አየሁ፦
አንዲት ቢጫ ነጥብ፣ ከጉሙ ጋር የምትታገል።
ከኋላዬ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ማጉረምረም ጀመረ።
መሃል ዳገት ላይ ብርሃኑ ቆመ፤
ሰምቷል ማለት ነው።
ጥቂት ቆመ፤
ከዚያ እንደገና ወደ ላይ አዘገመ።